ክርኔን ያዳነው የሃይላንድ ጠርሙስ

ነገሩ የታወቀኝ ሜዳ ላይ ሳይሆን ቤቴ ቡና ስቀዳ ነው። ጥቅምት 2014 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት። ሁለተኛውን ሲኒ ልሞላ ጀበናውን ዘንበል ሳደርግ የቀኝ ክርኔን ውጪውን በኩል እንደ ኤሌክትሪክ ነዘረኝ። ጀበናው ከእጄ ሊያመልጥ ሲል በግራዬ ደገፍኩት። «ምነው ልጄ፣ ሐሳብሽ የት ሄደ?» አለችኝ አክስቴ። ረከቦቱ ላይ የፈሰሰውን ጠርጌ ዝም አልኩ።

ምልክት አልነበረም ብል ውሸት ነው። ቅዳሜ ቴኒስ ተጫውቼ ስገባ ክንዴ ይዝላል። ሰኞ ቢሮ ማውስ ስይዝ ይቆጠቁጠኛል። እኔ ግን «አርባ ሲሞላ እንዲህ ነው» እያልኩ አልፈው ነበር። ባክሃንድ (ኳሱን በእጅ ጀርባ በኩል መምታት) በአንድ እጅ የመምታት ጉራም አለብኝ፤ እሱን ኋላ እመለስበታለሁ።

ሕመሙ ቴኒስ ኤልቦ (የቴኒስ ክርን) ይባላል። የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሱት ጡንቻዎች ክርን ላይ፣ ውጪ በኩል ካለችው የአጥንት ጉብታ ጋር በጅማት ይያያዛሉ። ጀበና ሲነሳ፣ ልብስ ሲጨመቅ፣ ቁልፍ ሲዞር ሸክሙ የሚያርፈው እዚያች ትንሽዬ ቦታ ላይ ነው። የእንግሊዝ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ከቴኒስ ጋር አያይዘው ስም አወጡለት እንጂ ከሚይዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ራኬት ጨብጠው አያውቁም። አናጺ፣ ቀለም ቀቢ፣ ልብስ አጣቢ ናቸው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ማረፍ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ራኬት አልነካሁም። ሕመሙ ጠፋ። ታኅሣሥ ላይ ተመለስኩ፤ ገና በሦስተኛው ጌም ሕመሙም አብሮኝ ተመለሰ።

ቀጥሎ ወጌሻ። የወሰደችኝ አክስቴ ናት። ወጌሻው አባባ ክንዴን ዳበስ ዳበስ አድርገው «ጅማትሽ ዞሯል» አሉኝ። ቅቤ ቀብተው፣ የሚያመኝን ቦታ በአውራ ጣታቸው ፈልገው እዚያው ላይ አሹኝ። ሰፈሩ እስኪሰማ ጮህኩ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ፤ በአራተኛው ክንዴ በልዞ አደረ። ለወለምታ ስንት ጊዜ አድነውኛል፣ አልክዳቸውም። የእኔ ክርን ላይ ግን የዞረ ነገር አልነበረም።

መጋቢት ላይ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳልቆይ ክርኔ ላይ የስቴሮይድ መርፌ ተወጋሁ። ከዚያ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለብኝ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በሳምንቱ ሕመም የሚባል የለም! ለሰው ሁሉ አወራሁ። ለፋሲካ ዶሮ ስበልት እንኳ ምንም አልተሰማኝም። ከበዓሉ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን መጫወት ጀመርኩ። ሰኔ ላይ የጥርስ ብሩሽ ማንሳት አቃተኝ።

ሐምሌ ላይ ነው በሰው በሰው አንድ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ያገኘሁት። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቀኝ። የመሃል ጣቴን ወደ ታች ተጭኖ «ይግፉኝ» አለኝ፤ ክርኔ ላይ ኮከብ አየሁ። ከዚያ ያልጠበቅኩት ጥያቄ መጣ። «ካለፈው ዓመት ወዲህ ሲፕሮ ወስደዋል?» መስከረም ላይ «ታይፎይድ ነው» ተብዬ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ገዝቼ ውጬ ነበር። ሲፕሮና ዘመዶቹ የሆኑ አንቲባዮቲኮች ጅማትን ሊጎዱ፣ ሊበጥሱም እንደሚችሉ ያኔ ሰማሁ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ከባዱን የማስጠንቀቂያ ዓይነት አስጽፎባቸዋል። በብዛት የሚጠቃው የተረከዝ ጅማት ስለሆነ የእኔን በሱ ማሳበብ እንደማይቻል ነገረኝ። ቢሆንም ሲፕሮን እንደ ከረሜላ የምንውጥ ሰዎች ብንሰማው ጥሩ ነው።

ስለ መርፌው ሲሰማ አልተገረመም። አውስትራሊያ ውስጥ በ165 ሰዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት አለ። ስቴሮይድ የተወጉት መጀመሪያ ላይ ቶሎ ተሻላቸው። ዓመቱ ሳያልቅ ግን ከመቶ 54ቱ አገረሸባቸው፤ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከተወጉት ያገረሸባቸው ከመቶ 12 ብቻ ናቸው። የእኔ ታሪክ ቁጭ ብሎ አየሁት።

ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ጠረጴዛው ላይ የነበረ የሲባጎ ገመድ አንስቶ ጫፉን በተነው። ጅማቱ እንዲህ ሆኗል አለኝ፤ ክሮቹ ሥርዓታቸውን አጥተዋል። ለወራት የቆየ የጅማት ሕመም እንደ ቁስል የተቆጣ ነገር አይደለም። መቆጣትን የሚያበርደው ዲክሎፌናክ ቢያስታግሰው እንጂ የማያድነው ለዚህ ነው። ክሮቹ ተመልሰው የሚደረደሩት ሸክም ሲያገኙ ነው፤ በልኩ፣ በዝግታ፣ ለወራት። እረፍቱም፣ ማሸቱም፣ መርፌውም ይህን አልሰጡትም።

«ሃይላንድ ቤት አለ?» አለኝ። ሕክምናዬ ይኸው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንቅስቃሴ የለም። ክንዴን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ፣ መዳፌ ወደ ታች ዞሮ፣ እጄ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጥቶ፣ ውሃ የሞላውን የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ጨብጬ 45 ሰከንድ ቀጥ አድርጌ መያዝ። አምስት ጊዜ። ቀላል ይመስላል፤ ሠላሳኛው ሰከንድ ላይ ክንዴ እንደ ጄኔሬተር ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ ማውረዱ መጣ። በግራ እጄ አግዤ ጠርሙሱን ወደ ላይ አነሳለሁ፤ ግራዬን ለቅቄ በቀኜ ብቻ እስከ አምስት እየቆጠርኩ አወርዳለሁ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በቀን አንዴ። ያማል። ደንቡ ይህ ነበር፤ ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ብለካው እስከ አራት ቢደርስ ችግር የለውም፣ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ነበረበት እስከተመለሰ ድረስ። ካልተመለሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ። ይሄን ደንብ ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ስንት ወር ባተረፍኩ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ የአንድ ሊትሩን ያዝኩ። ዘጠነኛው ላይ የሁለት ሊትሩ ለእጄ ስለወፈረ የአንድ ሊትሩን ጠርሙስ ከጎረቤት ግንባታ በለመንኩት አሸዋ ሞላሁት፤ አንድ ኪሎ ተኩል ያልፋል። ሁለት ጊዜ ተስፋ ቆርጬ ትቼዋለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ምንም ለውጥ አልነበረም፤ ስድስተኛውም ላይ ቢሆን ብዙ አልነበረም። ለውጡ የመጣው ከስምንተኛው በኋላ ነው፤ ያውም ሳላስተውለው። መስቀል አልፎ አንድ ቀን ፎጣ ጨምቄ አስጥቼ ስጨርስ ነው «ቆይ፣ አላመመኝም» ያልኩት።

ክንዴ ላይ፣ ከክርኔ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ የሚታሰር ማሰሪያም ገዝቼ ነበር። ሲጫወቱ ሸክሙን ያቀልላል። ብቻውን ግን አያድንም፤ ስለዚህ ብዙ ብር አታውጡበት።

አሁን ወደ ጉራዬ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የቴኒስ ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆኑ ቦታዎች ለብቻው የኳስ ዓይነት አለው፤ እኛ ግን የተገኘውን ነው የምንመታው። አየሩ ስስ ስለሆነ ተራው ኳስ ይፈጥናል፣ ሲነጥርም ትከሻ ላይ ይደርሳል። እኔ ደግሞ ዘግይቼ፣ አንጓዬን አጥፌ፣ በአንድ እጅ እመታዋለሁ። አሰልጣኜ ለዓመታት ሲለፈልፍ የነበረው ይሄንኑ ነው። አሁን በሁለት እጅ ነው የምመታው። አያምርም። ራኬቴ ላይ የነበረውን ደረቅ የፖሊስተር ክር በለስላሳ አስቀየርኩ፤ ውጥረቱንም ከ58 ፓውንድ ወደ 50 አወረድኩ። መጀመሪያ ኳሱ ሁሉ ከሜዳ እየወጣ አስቸገረኝ፣ በወሩ ለመድኩት።

ታኅሣሥ 2015 ላይ ግድግዳ ላይ አሥር ደቂቃ በመምታት ጀመርኩ። ሙሉ ሁለት የጨዋታ ዙር (ሴት የሚባለውን) የተጫወትኩት መጋቢት ላይ ነው። ዛሬም ክረምት ላይ ኳሱ ርጥበት ሲጠጣና ሲከብድ ክርኔ ይነግረኛል፤ ያን ቀን አንድ ዙር ብቻ ተጫውቼ እገባለሁ።

አሸዋው ጠርሙስ ቢሮ ጠረጴዛዬ ሥር ነው። በሳምንት ሁለቴ ስልክ እያወራሁ አነሳዋለሁ። ባለፈው የጽዳት ሠራተኛዋ ቆሻሻ መስሏት ጣለችው። ሌላ ሞላሁ።