ደመወዝ፦ በስምምነት

ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ኢንተርቪው አለኝ። መገናኛ አካባቢ ያለ አስመጪ ድርጅት ነው፣ ጁኒየር አካውንታንት። ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይ ሳየው ስክሪንሾት አድርጌው ነበር፣ አሁንም ደጋግሜ እያየሁት ነው፣ "የሥራ ልምድ 0 ዓመት፣ ፒችትሪ የሚችል/የምትችል፣ ደመወዝ በስምምነት" ይላል፣ ፒችትሪ ያው የሂሳብ መሥሪያ ሶፍትዌሩ ነው።

እውነቴን ነው ሌላው ብዙም አያስፈራኝም። ባንክ ሪኮንሲሌሽን በሉ፣ ቫት 15 ፐርሰንት በሉ፣ ጡረታ ከሠራተኛው 7 ከአሠሪው 11፣ ሌሊት ቀስቅሰው ቢጠይቁኝም እመልሳለሁ። ዲግሪዬ፣ የኤግዚት ኤግዛም ውጤቴ፣ ፋይዳዬ፣ ኦሪጅናሉም ኮፒውም ፎልደር ውስጥ ገብቷል። ጃኬት ከጎረቤታችን ልጅ ተውሻለሁ፣ እጅጌው ትንሽ ያጥረኛል ግን እጄን ጠረጴዛ ስር ካደረግኩት ማን ያያል፣ መብራት ሳይሄድ ብዬ ከሰዓት ተኩሼዋለሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ ያቺ "በስምምነት" የምትለዋ ቃል ናት።

ባለፈው ሌላ ቦታ ተጠርቼ ሁሉንም ጥሩ አድርጌ መለስኩና መጨረሻ ላይ ሰውዬው "ስንት ትጠብቂያለሽ?" ሲለኝ ምላሴ ተሳሰረ። "ያው... እናንተ ያላችሁትን" አልኩ። ፈገግ ብሎ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ፣ ምን እንደጻፈ እስካሁን ይከነክነኛል። እንደውላለን አሉኝ፣ ይኸው ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ምናልባት ያልደወሉት በሌላ ምክንያት ይሆናል ግን እኔ ያቺን መልሴን ነው የምረግማት። የሰው ሂሳብ በሳንቲም እያሰላሁ የራሴን ዋጋ መጥራት ያቃተኝ ነገር!

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ ለራሴ ፔይሮል ሠራሁ። 12 ሺህ ቢሉኝ፣ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው የግብር ስሌት 2,250 ግብር፣ 840 ጡረታ፣ እጄ ላይ የሚገባው 8,910። ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ መገናኛ፣ ደርሶ መልስ አራት ታክሲ፣ በቀን 120 ብር ብይዘው ቅዳሜን ጨምሮ ለ26 ቀን 3,120 ይሄዳል። 5,790 ቀረች። ምሳ ቋጥሬ እሄዳለሁ ብያለሁ እንግዲህ። 15 ሺህ ቢሆን ደግሞ ተቆራርጦ 10,750፣ እሱ ይሻላል፣ ለእማዬም የሆነ ነገር መስጠት እችላለሁ። ግን 0 ዓመት ልምድ ይዞ 15 ሺህ ማለት ጥጋብ አይመስልም?

መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። "አስራ አምስት ሺህ"። መጨረሻው ላይ ድምፄ ከፍ እያለ ጥያቄ ይሆንብኛል፣ አስራ አምስት ሺህ? አስር ጊዜ ያህል ብዬው አንዴም እንደ መልስ አልወጣልኝም።

እማዬ ከጓዳ ሆና ስትሰማኝ ኖሯል፣ "ምንድነው እሱ?" አለች። ነገርኳት። መጀመሪያ ደስ አላላትም፣ ገና ሳይቀጥሩሽ ብር ብር ካልሽ ይታዘቡሻል፣ ዝም ብለሽ እግዜር ያውቃል በይ አለችኝ። (ይቺው ሴትዮ አትክልት ተራ ለአምስት ብር ከሽንኩርት ነጋዴ ጋር ግማሽ ሰዓት የምትከራከር ናት።) ይሄንኑ ስላት ሳቋ መጣ፣ ግን መልስ አልሰጠችኝም፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ቆይታ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣችና ፔይሮል የሠራሁበትን ወረቀት አንስታ አየችው። ታክሲ የሚለው መስመር ላይ ትንሽ ቆየች።

"በይ አስራ ሰባት ብለሽ ጀምሪ" አለችኝ። "እነሱ መቀነሳቸው አይቀር።"

አላርም 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሞልቻለሁ፣ ከ12 በኋላ ጀሞ ላይ የታክሲ ሰልፉ አይቻልም።