ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ እርጥብ

ሊደርቁ ከተሰቀሉት የአበባ ዘለላዎች ትልቁን፣ የጡጫዬን ያህል የሚሆነውን፣ በሁለት አውራ ጣቶቼ ሰንጥቄ ስከፍተው ከመሃሉ አመድ የመሰለ ነገር ቡን አለ። ላዩ ምንም አልሆነም ነበር። አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲነኩት ኮሽ የሚል። ለአራት ወራት ያሳደግኩት ካናቢስ ግን ልቡ ድረስ ሻግቷል። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ የዋሽንግተን ዲሲ ሐምሌ ደግሞ ሸሚዝ ገላ ላይ የሚለጠፍበት ወር ነው።

ወደ እርጥበቱ ከመግባቴ በፊት ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል፤ ወገኖቼ በዚህ ሲሳሳቱ አይቻለሁ። በዲሲ እ.ኤ.አ. በ2014 በሕዝብ ድምፅ ጸድቆ ከየካቲት 2015 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት፣ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ እስከ ስድስት ተክል ማሳደግ ይችላል። ከስድስቱ የደረሱት ከሦስት መብለጥ የለባቸውም፤ መሸጥም ክልክል ነው። በፌዴራል ሕግ ግን ተክሉ ዛሬም የተከለከለ ስለሆነ፣ ግሪን ካርድ ይዞ ዜግነት የሚጠብቅ ሰው በዚህ ምክንያት ማመልከቻው ሊወድቅበት ይችላል። እኔ ዘር አፈር ውስጥ የከተትኩት ዜግነቴን ከያዝኩ በኋላ ነው። ሀገር ቤት ደግሞ ወንጀል መሆኑን ለማንም መንገር አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ጣቴን ማመኔ ነበር። ዘለላው ላዩ ሲደርቅ ሁሉም የደረቀ ይመስላል፤ ውኃው ግን ወፍራሙ ግንድ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ሁለተኛው ጥፋቴ ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝቼ ያለ ምንም ጥያቄ ማመኔ ነው። መለኪያው 63 በመቶ ይለኝ ስለነበር እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ከሻጋታው በኋላ አንድ አብቃይ ቀላል መፈተኛ አሳየኝ፦ በጠርሙስ ክዳን የገበታ ጨው አድርጎ፣ እንደ ሊጥ እስኪሆን ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጎበት፣ ከመለኪያው ጋር ጥብቅ በሆነ ዕቃ ውስጥ ከድኖ ማሳደር። በነጋታው መለኪያው 75 ማንበብ አለበት። የእኔ 68 አለ። ስለዚህ 63 ባለኝ ቀናት የሰቀልኩበት ምድር ቤት በእውነቱ ወደ 70 ተጠግቶ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በመለኪያው ጀርባ ላይ «7 ጨምር» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

የሻገተውን በሙሉ ጣልኩት። ጥሩ የሚመስለውን ክፍል ቆርጦ ማትረፍ ያጓጓል፤ ነገር ግን የሻጋታ ዱቄት ሳንባ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፤ እሳትም አስተማማኝ አድርጎ አያጠፋውም። ለመቶ ግራም ብዬ በሳንባዬ አልጫወትም።

ሁለተኛውን ምርት ጥር ላይ ቆረጥኩ። «አሁን እርጥበት የለም» ብዬ ደስ አለኝ። የቤቱ ማሞቂያ ቀንና ሌሊት ስለሚነፍስ አየሩ 28 በመቶ ላይ ነበር። በአራተኛው ቀን ሁሉም ነገር እንደ ጭድ ተሰባበረ። ደረቀ ብዬ ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ ከደንኩት። በማግስቱ ስከፍተው ዘለላዎቹ እንደገና ለስልሰዋል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያስቀመጥኩት ትንሽ መለኪያም 74 ይላል። ሽታው ዝናብ የመታው የድርቆሽ ሣር ነው።

ነገሩን የገለጠችልኝ እናቴ ናት። ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ተክሉን ደግሞ ፈጽሞ አትወደውም፤ ስሙንም አትጠራም፣ «ያ ነገርህ» ነው የምትለው። ጠርሙሱን አየት አድርጋ «አልቦታል» አለችኝ። በርበሬን በጠራራ ፀሐይ አንድ ቀን አስጥቶ ጆንያ ውስጥ የከተተ ሰው ማታ ላይ የሚያገኘው ይኸንን ነው፤ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ውስጡ የቀረው ውኃ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይወጣል። ለዚህ ነው በርበሬ አስጪዎች ማታ ሰብስበው፣ ሸፍነው፣ በነጋታው መልሰው የሚያሰጡት። እናቴ በርበሬን በዓይኗ አታምነውም፤ ጆሮዋ ሥር ይዛ ትነቀንቀዋለች፣ ዘሩ ሲንኳኳ ብቻ ደረቀ ትላለች።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው የአየሩን ፍጥነት መያዝ ነው። አብቃዮች «ስልሳ በስልሳ» ይላሉ፤ 60 ፋራናይት፣ ማለትም ወደ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እና 60 በመቶ እርጥበት። የእኔ ምድር ቤት ከ18 ዲግሪ በታች አይወርድልኝም፤ ግን እርጥበቱን ከ58 እስከ 62 ካቆየሁ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ይፈጅልኛል፤ ያም ጥሩ ነው። በሐምሌው ሙቀት እርጥበት የሚመጥ ማሽን አሠራለሁ። ማሽኑ ሲሠራ ክፍሉን እንደሚያሞቅ ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ስለዚህ ከተሰቀለው ራቅ አድርጌ፣ በር አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። በጥር ብርድ በተቃራኒው እንፋሎት የሚነፋ ትንሽ ማሽን አስገባለሁ፣ የማሞቂያውን መንፈሻም በካርቶን እዘጋለሁ። ማራገቢያው ግድግዳውን ይመለከታል እንጂ ዘለላውን አይመለከትም፤ አየሩ ይንቀሳቀስ እንጂ አይግረፈው። ክፍሉ ጨለማ ነው። ትልልቆቹን ዘለላዎች ደግሞ ከመስቀሌ በፊት እከፍላቸዋለሁ፤ የመጀመሪያውን ምርት የገደለው ለዓይን ያማረው ትልቁ ዘለላ ነበር።

የጣት ምትክ ሆኖ ያገኘሁት የወጥ ቤት ሚዛን ነው። አንድ ቅርንጫፍ መርጬ ምልክት አስርበትና በየማታው እመዝነዋለሁ። ባለፈው ጊዜ 120 ግራም ሆኖ የተሰቀለው በአራተኛው ቀን 66፣ በሰባተኛው 43፣ በአሥረኛው 33፣ በአሥራ አንደኛው 32 ሆነ። ከተቆረጠበት ክብደት ሩብ ያህሉ ሲቀርና ቁጥሩ መውረዱን ሲያቆም ቀጭኑን ግንድ አጥፌ እሞክራለሁ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ አወርደዋለሁ፤ ከታጠፈ ይቆያል።

ከዚያ ሰፊ አፍ ባለው የመስታወት ጠርሙስ ማሰንበት፣ ማለትም የደረቀውን ከድኖ ቀስ እያለ እንዲበስል መተው፣ ይመጣል። ሦስት አራተኛውን ብቻ እሞላለሁ፤ አየሩ ቦታ ይፈልጋል። ለ24 ሰዓት ከድኜ በውስጡ ያለውን መለኪያ አያለሁ። ከ70 በላይ ከሆነ ሁሉንም አውጥቼ ወረቀት ላይ እበትነዋለሁ። ከ65 እስከ 70 ከሆነ ክዳኑን ለጥቂት ሰዓታት ከፍቼ እተወዋለሁ። ወደ 62 ሲወርድ በቀን አንዴ ለአሥር ደቂቃ አናፍሰዋለሁ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ከ55 በታች ከወረደ ግን ማሰንበቱ ቆሟል ማለት ነው፤ ጠረን የሚሰጡት ዘይቶች የሄዱትን ያህል ሄደዋል፣ በኋላ እርጥበት የሚመልሰው ከረጢት ቢጨመርበትም ልስላሴው እንጂ ጠረኑ አይመለስም። ስከፍት አሞኒያ የመሰለ ሽታ አፍንጫዬን ከመታኝ አልጠብቅም፤ እርጥብ ሆኖ ተከድኗል፣ ወዲያውኑ ይወጣል።

በአራተኛው ሳምንት የድርቆሹ ሽታ ጠፍቶ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ጠረን ሲመጣ፣ እናቴም ደረጃው ላይ ቆማ አንዴ አሸተተች። ያለችው ነገር ቢኖር «መለኪያህን ለበርበሬዬ አውሰኝ» ብቻ ነው። ሌላ ገዛሁላት፤ የእኔው በርበሬ ይሸታል ብዬ ሳይሆን የእሷ በርበሬ «ያንን ነገር» እንዳይሸት ፈርቼ።

አሁን አራተኛው ምርት ተሰቅሏል፣ ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው። ምልክት ያሰርኩበት ቅርንጫፍ 47 ግራም ላይ ነው፤ ካለፈው በአራት ግራም ዘግይቷል። ውጭ ዝናብ ነው፣ የማሽኑ ባልዲም ከጠዋት ወዲህ ሁለተኛ ጊዜው ሞልቷል። ወርጄ ልድፋው።