የሱቁ ስም ያለበት ፒዛ ለቤተሰብ እራት ይሆናል?

ይሆናል። ግን ቺዝ ብቻ ያለበትን ከገዛችሁ ነው። ሥጋና አትክልት የተደረደረበትን፣ ካርቶኑ ላይ ፎቶው የሚያምረውን እዚያው ተዉት።

የማወራው እዚህ አሜሪካ በየሱፐርማርኬቱ ፍሪዘር ውስጥ ስለሚደረደረው፣ ሱቁ በራሱ ስም ስለሚሸጠው ፒዛ ነው። ዎልማርት ግሬት ቫልዩ አለው፣ ኮስትኮ ከርክላንድ፣ ታርጌት ጉድ ኤንድ ጋዘር፣ ሌሎቹም እንደዚሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሱቁ ራሱ አይጋግረውም፤ ፋብሪካ ነው በትዕዛዝ የሚሠራለት። የማስታወቂያ ወጪ ስለሌለበት ዋጋው ይቀንሳል። ስለዚህ ርካሽ ስለሆነ ብቻ መጥፎ ነው ብላችሁ አትለፉት። የሚለያየው ከሱቅ ሱቅ ነው፣ ያንን ደግሞ ካርቶኑን ገልብጦ ማንበብ ይነግራችኋል።

እኛ ቤት ሁለታችንም ሥራ እንውላለን። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ርቧቸው ነው የሚመጡት፣ ወጥ እስኪደርስ አይጠብቁም። በሳምንት አንድ ቀን ፒዛ መብላታቸው አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ምን ዓይነት ፒዛ እንደሚበሉ ነው።

መጀመሪያ የማየው የተሠራበትን ዝርዝር ነው። በሕጉ መሠረት በክብደት የሚበልጠው ቀድሞ ነው የሚጻፈው። ዱቄቱ ቀድሞ መምጣቱ ያለ ነገር ነው፣ ሞዛሬላው ግን ተከትሎ መምጣት አለበት። ቺዙ ከውሃው፣ ከቲማቲሙና ከዘይቱ ሁሉ ወደ ታች ከወረደ የምትገዙት ሶስ የተቀባ ዳቦ ነው። «ቺዝ» ብቻ ሳይሆን «ቺዝ ፕሮዳክት» ወይም «ኢሚቴሽን» (አስመሳይ) የሚል ካያችሁ ደግሞ መልሱት፤ እሱ ሲቀልጥ አይሳብም፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ጎማ ይደርቃል።

ቀጥሎ ክብደቱ። ዋጋውን ከዋጋ ብቻ አታወዳድሩ። መደርደሪያው ላይ በትንሹ የተጻፈውን የአንድ አውንስ ዋጋ እዩ። የክቡ ስፋትም ያታልላል፦ ባለ 12 ኢንቹ ከባለ 10 ኢንቹ በሁለት ኢንች ብቻ የሚበልጥ ይመስላል፣ የሚበላው ግን 44 በመቶ ይበልጣል። ለአራት ሰው ቤተሰብ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። ካርቶኑ «የአንድ ሰው ድርሻ» የሚለው ብዙ ጊዜ የፒዛውን አራተኛ ወይም አምስተኛ ነው፣ እና አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ በዚያ አይጠግብም።

ፔፐሮኒውን እኔ አልገዛም። እዚህ አገር ፔፐሮኒ ሲባል ብዙውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት፣ ከበሬ ጋር ተቀላቅሎም ይሁን ብቻውን። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ቤት ይሄ ጉዳይ አንድ ነው። የበሬ ብቻ ወይም የተርኪ የሚሉ አሉ፣ ሐላል የሚል ምልክት ያላቸውም አሉ፣ ግን በሱቁ ብራንድ ውስጥ ሁልጊዜ አይገኙም። ልጆቻችሁ ጓደኛ ቤት ልደት ሲሄዱም ይሄንን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እዚያ ሲደርሱ ከመጨነቅ ይድናሉ።

አሁን ወደ ዓርብ ልምጣ፣ ምክንያቱም እውነተኛው ችግር ያለው እዚያ ነው። አሜሪካ ውስጥ የፒዛ ቀን ዓርብ ነው። ትምህርት ቤትም፣ ጎረቤትም፣ የእግር ኳስ ቡድኑም ፒዛ የሚያዘው ዓርብ ነው። ለእኛ ደግሞ ዓርብ ጾም ነው። ልጆቹ ከፍ እያሉ ሲሄዱ «ሁሉም ሰው ይበላል» ማለት ጀመሩ፣ ልክ ናቸውም። እኛ የቤታችንን የፒዛ ቀን ወደ ሐሙስ አዞርነው። ዓርብ ካማራቸው ደግሞ ሱፐርማርኬቱ የሚሸጠውን ያልተጋገረ የፒዛ ሊጥ ገዝቼ የጾም ፒዛ እሠራለሁ፣ አዲስ አበባ በየካፌው እንደምናውቀው፣ ሶስ፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ እንጉዳይ። ሊጡንም ቢሆን እዩት። ወተት ካለበት ወይ ዝርዝሩ ውስጥ ወይ ግርጌው ላይ «ይዟል» (Contains) በሚለው ቦታ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ይሄ ሕግ ለአለርጂ የወጣ ቢሆንም ለጾመኛ በጣም ይጠቅማል። ቺዙን ከቀዘቀዘው ፒዛ ላይ ፍቆ ለጾም መስጠት ግን አይሆንም፣ ሊጡ ራሱ ወተት ሊኖርበት ይችላል።

አጋገሩ ግማሹን ሥራ ይሠራል። ሰው የሱቁን ፒዛ የሚጠላው አብዛኛውን ጊዜ የፒዛው መሃል ሳይበስል ሊጥ ሆኖበት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ኦቨኑን ካርቶኑ በሚለው ሙቀት፣ ብዙ ጊዜ 400 ወይም 425 ፋራናይት ነው፣ አስቀድማችሁ በደንብ አሙቁት። ምልክቱ ጮኸ ብላችሁ ወዲያው አታስገቡ፣ ሌላ አሥር ደቂቃ ጨምሩለት። ፒዛውን ከፍሪዘር እንደወጣ አስገቡት፤ ከቀለጠ ውሃው ወደ ዳቦው ይገባል። ቀዝቃዛ ትሪ ላይ አታስቀምጡት። ወይ በቀጥታ ሽቦው ላይ፣ ወይ ኦቨን ውስጥ አብሮ የሞቀ ከባድ የብረት መጥበሻ ላይ። ሲወጣ ሦስት አራት ደቂቃ ታገሱት፣ ከዚያ ቁረጡ። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ይጩኹ።

ቺዝ ብቻ ያለበትን ግዙ ያልኩበት ዋና ምክንያት እዚህ ጋ ነው። የርካሹ ፒዛ ድክመት ላዩ ላይ የሚበተነው ነገር ነው። ቃሪያው ቀዝቅዞ ውሃ ሆኗል፣ እንጉዳዩ አይታኘክም፣ ሥጋው ፍርፋሪ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ተጨማሪ ትከፍላላችሁ። ሊጡ፣ ሶሱና ቺዙ ግን ደህና ነው። ስለዚህ ላዩን እኔ እሠራዋለሁ። ከትናንት የተረፈ ጥብስ ካለ በቢላ ደቅቅ አድርጌ እበትነዋለሁ፣ እውነት እላችኋለሁ የትኛውም ፒዛ ቤት ይሄንን አይሠራም። ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ቀድሜ መጥበሻ ላይ ውሃውን አስወጣለሁ፣ ጥሬውን ካደረጋችሁት ፒዛውን ያረጥበዋል። ጎመንም እንደዚሁ፣ በደንብ ጨምቃችሁ። አማቴ ሲመጡ ዳጣ ከጎኑ አቀርባለሁ፣ እሳቸው ያለዚያ አይበሉም፣ አሁን ባለቤቴም ተከትሏቸዋል።

ከታዋቂዎቹ ጋር ሲወዳደርስ? ዲጆርኖ የተባለው ብራንድ እ.ኤ.አ. በ1995 ይዞት የመጣው፣ ሊጡ ኦቨን ውስጥ የሚነፋው ወፍራም ፒዛ ጥሩ ነው፣ ልጆቼም ይወዱታል። ሱቆቹም ያንን ዓይነት በራሳቸው ስም ይሸጣሉ። እኔ ግን ከሱቁ ብራንድ ቀጭኑን እመርጣለሁ። ቺዙ ከዳቦው ጋር ይመጣጠናል፣ ላዩ ላይ የምጨምረውም ይሸከማል፣ ቶሎም ይበስላል።

አንድ የማልወድለት ነገር ጨው ነው። በአንድ ድርሻ 600 እና 700 ሚሊግራም ሶዲየም ማየት የተለመደ ነው። ለአዋቂ የቀኑ ወሰን 2,300 ነው፣ ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ 1,500። ሁለት ድርሻ የበላ ትንሽ ልጅ የቀኑን ሊጨርስ ምንም አልቀረው ማለት ነው። ስለዚህ ቺፕስና ለስላሳ አብሮ አይቀርብም። ሰላጣ በሎሚና በትንሽ ዘይት፣ ጨው ሳይነካው፣ ቲማቲም ካለም ቲማቲም። ሰላጣው ቀድሞ ይቀርባል፣ ፒዛው እስኪወጣ። የራበው ልጅ ጠረጴዛ ላይ ያገኘውን ይበላልና ሳህኑ ባዶ ሆኖ ነው የሚመለሰው።

ሱቃችሁ የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ግን በዚህ ሳምንት ስትሄዱ የራሱን ቺዝ ፒዛ አንስታችሁ ጀርባውን አንብቡ። ሞዛሬላው ከዱቄቱ ቀጥሎ ካለ፣ 12 ኢንች ከሆነ፣ አንድ ይዛችሁ ግቡ። ጥሩ ሆኖ ካገኛችሁት የሱቁን ስም ከታች ጻፉልኝ፣ ሌላውም ይጠቀምበታል።