ከይዞታ ደብተሩ ውስጥ የወጣችው ወረቀት

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ጠበቃ ነኝ። ከእጄ የማይጠፋው መዝገብ የመሬት ነው። ድንበር ገፋኝ፣ ውርስ ከለከለኝ፣ በደብተሬ ላይ የሌላ ሰው ስም ገባብኝ። የወንዝ ክስ ግን ብርቅ ነው። ወንዝ ሲበከል ሰው ያዝናል፣ ያማርራል፣ ቀበሌ ሄዶ ይጮኻል፣ ከዚያ ከብቱን ወደ ሌላ ውኃ መንዳት ይጀምራል። ፍርድ ቤት የሚሄድ የለም ማለት ይቻላል። ወንዝ በበከለ ፋብሪካ ላይ የያዝኩትን አንድ መዝገብ ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው የፈለግኩት ለዚህ ነው።

የፋብሪካውን ስም አልጠራም። የወንዙንም አልጠራም፤ ወንዙ ከታወቀ ፋብሪካውም መታወቁ አይቀርም። ውኃው እንደ ተምጫና እንደ ጨሞጋ ዞሮ ዞሮ ዓባይ ይገባል፣ ይኼ ይበቃል።

ቢሮዬ የመጡት ከፋብሪካው በታች የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ገና በሩን ስከፍት ሁሉም በአንድ ላይ ማውራት ጀመሩ። ውኃው ጠቁሯል፣ አረፋ ይዟል፣ ይሸታል። ከብቶቹ አፋቸውን አስጠግተው ይመለሳሉ፣ ከጠጡት ውስጥ ከስተው የሞቱ አሉ። በበጋ ድንችና ሽንኩርት የሚያጠጡትም ከዚሁ ወንዝ ነው። አንዲት እናት ሁለቱንም እጆቻቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ልብስ በማጠብ ብቻ ቆዳቸው ተልጧል። "ካሳ ምናምን አልፈልግም ልጄ፣ ውኃዬን ነው የምፈልገው" አሉኝ።

አንድ ወጣት ደግሞ በኋላ በጣም የጠቀመንን ነገር ነገረኝ። "ቀን ብትመጪ ደህና ውኃ ነው የምታዪው። የሚለቁት ሌሊት ነው። ክረምት ሲገባ ግን በቀንም ይለቁታል፣ ጎርፉ ይሸፍንላቸዋል።" ፋብሪካውን የጎበኘ ሁሉ "ችግር አላየንም" ብሎ የሚመለሰው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ሕጉ ከእነሱ ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ዋናው መሣሪያ ግን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። አንቀጽ 11ን ያላነበበ ጠበቃ ካለ ዛሬውኑ ያንብበው። በተለመደው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ከሳሽ የሚሆን ሰው በሚከራከርበት ነገር ላይ መብት ወይም ጥቅም እንዳለው ማሳየት አለበት። በዚህ አዋጅ ግን አካባቢን የበከለ ወይም ሊበክል የሚችል ሰው ላይ ማንም ሰው፣ "የግል ጥቅሜ ተነካ" ማለት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አመልካቹ በውሳኔው ካልተስማማ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ይኼ ለወንዝ ብቻ አይደለም። ለጭስም፣ ለአፈርም ይሠራል።

ብዙ ሰው ወድቆ የሚቀረው እነዚህ ቀኖች ላይ ነው። ስለዚህ ጠየቅኳቸው፦ "ለአካባቢ ጥበቃ አመልክታችኋል?"

"ስንት ጊዜ ነገርናቸው!" አሉ።

"በጽሑፍ?"

ዝም አሉ። ቀበሌ ነግረዋል፣ ወረዳ ነግረዋል፣ ለጉብኝት የመጣ ሹም ሁሉ ፊት ተነሥተው ተናግረዋል። አንዱም ወረቀት ላይ የለም። ክሱን ከዜሮ መጀመር ሊኖርብን ነው ብዬ ሳስብ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከኮታቸው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ የይዞታ ደብተራቸውን አወጡ። በደብተሩ መሀል የታጠፈች አንዲት ወረቀት ነበረች። በእጅ የተጻፈች ማመልከቻ ናት። የጻፈው የልጅ ልጃቸው፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ግርጌዋ ላይ የመሥሪያ ቤቱ የገቢ ማኅተም አለ፣ ቀኑና የመዝገብ ቁጥሩ ተጽፎበታል።

"አባቴ፣ ይችን እንዴት አሰቡ?" አልኳቸው።

"እኔኮ ስለ መሬቴ ስከራከር የከረምሁ ሰው ነኝ። ማኅተም የሌለው ወረቀት ሲጣል አይቻለሁ። ልጁን ሁለት አድርገህ ጻፍ አልሁት። አንዱን ለነሱ ሰጠሁ፣ በአንዱ ላይ ምቱልኝ ብዬ ቆምሁ።"

ቀኑን ቆጠርኩ። 30ው አልፏል፣ መልስ አልተሰጠም። 60ው ግን ገና አላለቀም፣ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ክሱን ተቻኩዬ አዘጋጅቼ ከፈትኩ።

የፋብሪካው ጠበቃ እንደጠበቅኩት በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ መጣ፣ ክሱ ገና ሳይሰማ ይዘጋ ማለት ነው። ወንዝ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው፣ ከሳሾች በስማቸው የተመዘገበ ነገር የላቸውም፣ ስለዚህ ሊከሱ አይችሉም። ሁለተኛ፣ አስቀድመው ለሚመለከተው አካል አላመለከቱም። ጎበዝ ጠበቃ ነው፣ ክርክሩም ተራ ክርክር አይደለም። አንድ ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የተነሣ የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከስሶ ነበር፣ አልተሳካለትም። ከዚያ መዝገብ እኔ የያዝኩት ትምህርት ሁለት ነው፦ ክሱ በካዩ ላይ ይነጣጠር፣ የአዋጁ ቅደም ተከተልም አንድ እርምጃ ሳይዘለል ይሄድ።

ለመጀመሪያው መቃወሚያ አንቀጽ 11ን አነበብኩ። የሕንድንም አነሣሁ፣ ዳኛዋን ባያስገድዳቸውም ሐሳቡ ይረዳል ብዬ። ማሄሽ ቻንድራ ሜህታ የሚባል ጠበቃ ካንፑር ከተማ ያሉ የቆዳ ፋብሪካዎች ጋንጅስ ወንዝን ስለበከሉ ከስሶ ነበር። ሰውየው ወንዙ ዳር መሬት የለውም። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 በሰጠው ፍርድ ከሳሹ የወንዝ ዳር ባለይዞታ ባይሆንም በውኃው የሚጠቀመውን ሕዝብ ሕይወት ለመጠበቅ የቆመ ሰው ነው ብሎ ተቀብሎታል። የእኔ ደንበኞች ደግሞ ከዚያ በላይ ናቸው፣ ውኃውን የሚጠጡት እነሱ ናቸው።

ለሁለተኛው መቃወሚያ ብዙ አልተናገርኩም። ማኅተም ያለባትን ወረቀት አቀረብኩ። ዳኛዋ ቀኑን አዩ፣ ለፋብሪካው ጠበቃ አሳዩት፣ መቃወሚያው በዚያው ቀጠሮ ውድቅ ሆነ።

ቀጥሎ ማስረጃ ነው። እዚህ ላይ ብዙ የዋህነት አያለሁ። ሰው በሃይላንድ ጠርሙስ ጥቁር ውኃ ሞልቶ ችሎት ያመጣል። ከየት ተቀዳ? መቼ? ማን ቀዳው? ተቃራኒው ወገን እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ከጠየቀ ጠርሙሱ ዋጋ የለውም። እኛ ፍርድ ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ናሙና እንዲወስዱ እንዲያዝልን ጠየቅን። ጊዜውን ባለሙያዎቹ ራሳቸው እንዲመርጡም አመለከትን፣ ምክንያቱም አዋጁ ለአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተስማሚ ነው ባለው ሰዓት የመግባት ሥልጣን ሰጥቶታል። ወጣቱ የነገረኝን አስታውሱ። የሄዱት ሌሊት ነው።

ናሙናው ከሦስት ቦታ ተወሰደ፦ ከፋብሪካው በላይ፣ ከቱቦው አፍ፣ ከታች። የላይኛው ለምን ያስፈልጋል ያለኝ ሰው ነበር። ፋብሪካው "ወንዙ ከላይም ቆሻሻ ነው የሚመጣው" እንዳይል ነው፣ እንዳሰብነውም ለማለት ሞክሮ ነበር። ጠርሙሶቹ ታሸጉ፣ ተፈረመባቸው፣ በበረዶ ሣጥን ሆነው ሳይዘገዩ ላብራቶሪ ገቡ። ከተለኩት ነገሮች አንዱ ቆሻሻውን የሚበሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ከውኃው ምን ያህል ኦክሲጅን እንደሚወስዱ ነው። ቆሻሻው ሲበዛ ኦክሲጅኑን ይጨርሱታል፣ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። በላይኛውና በታችኛው ናሙና መካከል የነበረው ልዩነት ለክርክር ቦታ አልተወም።

ውጤቱ በወጣ ሰሞን ከፋብሪካው በኩል ሽማግሌ ተላከ።

ጎጃም ነው፣ ይኼ የሚጠበቅ ነው፣ እኔም ሽምግልናን አከብራለሁ። ያቀረቡት ለሞቱት ከብቶች ካሳ፣ ለመንደሩ ቦኖ ውኃ፣ ክሱም ይነሣ የሚል ነው። ገበሬዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። ልጆቻቸው ፋብሪካው ውስጥ ቀን ሠራተኛ የሆኑ አሉ፣ ቢዘጋስ ብለው ፈሩ። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው፣ ማንም ሊያቃልልባቸው አይገባም። አንድ ልጅ ግን ተነሥቶ "ዓሣውስ? ለዓሣው ማን ይከራከራል?" አለ። የሳቁ ነበሩ። እኔ አልሳቅኩም። ታንዛኒያ በሰሜን ሴሬንጌቲ በኩል ጥርጊያውን መንገድ አስፋልት ልታደርግ ስትል ጉዳዩን አሩሻ ወዳለው የምሥራቅ አፍሪካ ፍርድ ቤት የወሰደው ለእንስሳት ደኅንነት የሚሠራ የኬንያ ድርጅት ነው። መሬቱ የእሱ አይደለም፣ አገሩም የእሱ አይደለም። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 አስፋልቱን ከለከለ። ይኼንን ነገርኳቸው።

ስለ ሥራውም እንዲህ አልኳቸው። በዚያው በካንፑር ጉዳይ የሕንዱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 ዝቅተኛውን ደመወዝ መክፈል የማይችል ፋብሪካ መኖር እንደማይችል ሁሉ የመጀመሪያ ደረጃ ማጣሪያ መሥራት የማይችልም መቀጠል አይችልም ብሏል። የጠየቅነው ማጣሪያ እንዲሠራ እንጂ እንዲዘጋ አይደለም።

በመጨረሻ የወሰንነው ይኼን ነው፦ ሽምግልናውን እንቀበላለን፣ ግን ስምምነቱ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ ይስፈር። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ ተከራካሪዎች በእርቅ ሲጨርሱ ስምምነታቸውን በፍርድ ቤት ማስመዝገብ ይፈቅዳል። እንዲያ ከሆነ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። በሽማግሌ ፊት ብቻ ከቀረ ግን ለሞቱት ከብቶች ይከፈላል፣ ወንዙ እንደጠቆረ ይቀጥላል፣ ሲጣስም እንደገና "ስንት ጊዜ ነገርናቸው" ነው።

የፋብሪካው ሰዎች ቅር አላቸው። "በአባቶች ፊት ተማምነን ምን መዝገብ ያስፈልጋል?" አሉ። ባለ ማኅተሙ ሽማግሌ ናቸው የመለሱት። "እናንተም ሥራ አስኪያጅ ትቀይራላችሁ፣ እኛም እንሞታለን። ልጆቻችን ማንን ይዘው ይጠይቁ?"

ተመዘገበ። ካሳውና ቦኖው ገባ። ከዚያ በላይ ግን ያልተጣራ ፍሳሽ በየትኛውም ሰዓት እንዳይለቀቅ፣ ማጣሪያው በተወሰነ ቀን እንዲያልቅ፣ ናሙና በየሩብ ዓመቱ የቀበሌው ተወካይ ባለበት እንዲወሰድ፣ ውጤቱም በአማርኛ ተጽፎ ለቀበሌው እንዲሰጥ ተጻፈ።

እንዲህ ያለ ክስ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሞምባሳ አጠገብ ኦዊኖ ኡሁሩ በሚባል ሰፈር ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ የሚያቀልጥ ፋብሪካ በጭሱና በፍሳሹ ነዋሪውን መርዞ ነበር። ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 የ1.3 ቢሊዮን ሽልንግ ካሳ ፈረደላቸው፣ ይግባኝ ላይ ተሻረ፣ የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መልሶ ያጸናው በ2024 መጨረሻ ነው። ከዚያ አንጻር እኛ ቶሎ ጨርሰናል።

ጨርሰናል አልኩ እንጂ ስምምነቱ አንድ ጊዜ ተጥሷል። አንድ ሌሊት ውኃው እንደገና ጠቁሮ አደረ። ገበሬዎቹ በዚያው ጠዋት ለአካባቢ ጥበቃ በጽሑፍ አመለከቱ፣ ናሙና ተወሰደ፣ እኔ አዲስ ክስ ሳይሆን የአፈጻጸም መዝገብ ከፈትኩ። ዳኛዋ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቀርቦ እንዲያስረዳ አዘዙ። ቀረበ፣ የማጣሪያው ፓምፕ ተበላሽቶ ነው አለ፣ የጥገናውን ደረሰኝ አሳየ፣ ተጠባባቂ ፓምፕ እንዲያስገባ ታዘዘ፣ አስገባ። አሁን የናሙናው ውጤት ቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ከብቶቹ ወደ ወንዙ ተመልሰዋል። ዓሣው ገና ነው። በሚቀጥለው የናሙና ቀን ዓሣ የሚያውቅ ባለሙያ አብሮ እንዲመጣ ማመልከቻ አስገብተናል፣ የኛ ቅጂም ማኅተም ተመትቶበታል።