በረዶ ዛሬ በሩ ሥር አልተኛችም

በረዶ ዛሬ ማታ በሩ ሥር አልተኛችም። የስምንት ሳምንት ቡችላ ሆና ቤታችን ከገባችበት ቀን ጀምሮ የማታ ቦታዋ እዚያ ነበር፤ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ አፍንጫዋን ወደ መኝታ ክፍላችን አዙራ። አሁን 11 ዓመቷ ነው። ዛሬ ከእግር ጉዞ ስንመለስ ግን ውኃዋን ጠጣችና ሳሎኑን አቋርጣ ልብስ የምናጥብበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ገባች። ብጠራት አልመጣችም። ራቷን እዚያው ወሰድኩላት፤ በላች፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ተኛች።

ሁሉም ሰው ተኝቷል። እኔ ግን እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ይህን እጽፋለሁ። ነገ መልስ መስጠት አለብኝ። የተጠየቅኩት አጭር ነገር ነው፤ ሌላ ሃስኪ፣ እንደ በረዶ ያለች የበረዶ ጋሪ ጎታች ዘር ውሻ፣ ትወስጃለሽ ወይስ አትወስጂም?

አሁን ቤታችን ውስጥ ሦስት ውሾች አሉ። በረዶ አለች። ጉም አለ፤ እሱም ሃስኪ ነው፣ አራት ዓመቱ፣ 25 ኪሎ፣ ሁሉም ነገሩ ጡንቻና ጉጉት የሆነ። ቡቺ ደግሞ ዘሩ የማይታወቅ ትንሽ ውሻ ነው፤ ከሁለቱ ግዙፎች መሃል ገብቶ ሲተኛ የሚታየው የጆሮው ጫፍ ብቻ ነው። አራተኛ ትሁን የተባለችው ሉና ናት። ሁለት ዓመቷ ነው፤ አንድ ዓይኗ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡናማ። ባለቤቷ የማውቀው ሰው ነው። ሥራው ተለውጦ ቀኑን ሙሉ ውጭ ይውላል፤ እሷ ብቻዋን አሥር ሰዓት ትቆያለች። ታላዝናለች። ጎረቤት ተማርሯል። ሁለት ጊዜ አጥር ዘላ ጠፍታ ተገኝታለች። «እህቴ፣ ሃስኪ ምን እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ለማያውቅ ሰው ብሰጣት በሦስተኛው ቀን ይመልሳታል፣ ወይም ያስራታል» አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እውነቱን ነው። አንጀቴን በላው።

መጀመሪያ ያየኋት ቀን ልቤ እሺ ብሎ ነበር። በሩ ሲከፈት አልጮኸችም፤ እንደ ሃስኪ ልማድ ረጅም ወሬ ነው የጀመረችው፣ «ዎ-ዎ-ዉ» እያለች፣ አንገቷን ወደ ላይ ሰብራ፣ የቆየ ክስ እንደሚያሰማ ሰው። እጄን ደረቷ ጸጉር ውስጥ ከተትኩት። ከላይ ሸካራው፣ ከሥር ጥጥ የመሰለው። በዓመት ሁለት ጊዜ ያ የሥሩ ጸጉር በእፍኝ በእፍኝ ሲራገፍ ከምንጣፍ እስከ ትራስ እንደሚደርስ አውቃለሁ። በዚያ ሰዓት ግን ይህ ሁሉ ትዝም አላለኝ።

ሰሞኑን ደጋግሜ የማስበው ቶጎ ስለሚባል ሃስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 በብርዱ ወራት አላስካ ውስጥ ኖም የምትባለው ከተማ ዲፍቴሪያ በሚባል የጉሮሮ በሽታ ስትጨነቅ፣ 20 ሰዎች በውሻ በሚጎተት የበረዶ ጋሪ መድኃኒቱን እየተቀባበሉ ወደ 1,085 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በአምስት ቀን ተኩል ጨረሱት። ሐውልት የቆመለት የመጨረሻውን ርቀት የሮጠው ውሻ ባልቶ ነው። ረጅሙንና አደገኛውን ርቀት የሸፈነው ግን የሊዮንሃርድ ሴፓላ መሪ ውሻ ቶጎ ነበር፤ ያኔ 12 ዓመት ገደማ ሆኖት። እኔን የሚይዘኝ ግን የቡችላነቱ ታሪክ ነው። ሴፓላ ለሥራ አይሆንም ብሎ ለሌላ ሰው ሰጥቶት ነበር። ቶጎ የመስኮት መስታወት ሰብሮ ወጥቶ ወደ ሴፓላ ተመለሰ። ይህን ታሪክ ለልጄ ስነግራት የሃስኪን እልህ ለማሳየት ነበር። አሁን ሳስበው ሌላ ነገር ይታየኛል፤ ቶጎ የት መሆን እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር። ሉና አጥር የምትዘለው ወዴት ለመድረስ ይሆን? ምናልባት የትም። ባዶ ቤት ውስጥ ላለመሆን ብቻ ነው የምትዘለው። እነዚህ ውሾች በሳይቤሪያ ቹክቺ ከሚባለው ሕዝብ ጋር በቡድን እየጎተቱ፣ ከቤተሰቡ ጋር እየኖሩ የመጡ ናቸው። ለብቸኝነት አልተፈጠሩም።

ለዚህ ነው «አይ» ማለት የከበደኝ። ከጉም አንጻር ሳየው ደግሞ ይብሳል። በረዶ ከእሱ ጋር መሮጥ ካቆመች ዓመት አልፏታል። ግማሽ ሰዓት ትራመዳለች፣ ከዚያ የኋላ እግሯ ይደክማል። ጉም ይጎነትላታል፤ ፊት እግሩን ዘርግቶ፣ መቀመጫውን አንስቶ ተጫወቺኝ ይላታል፤ እሷ ታልፈዋለች። ባለቤቴ «እኩያ ቢያገኝ እርስ በርስ ይደካከማሉ» ብሎ አሰበ። እኔም ይህን ማመን ፈልጌ ነበር። ግን ጉም ሲመጣ ስለ በረዶ ያልኩት ይህንኑ ቃል በቃል አይደል? በመጀመሪያው ዓመት የሆነው ሌላ ነው። እሱ ከአጥሩ ሥር መማስ ጀመረ፣ እሷ ስምንት ዓመቷ ላይ አይታው ተማረች፤ አንድ ቀን ሁለቱም በአንድ ጉድጓድ ወጥተው ማታ ነው ያገኘናቸው። ሁለት ሃስኪ ቤት ውስጥ ሲኖር አንዱ የሌላውን ጉልበት አይጨርስለትም፤ ሁለቱም በየፊናቸው የኔን ጉልበት ይፈልጋሉ። ጉም የጎደለው ሩጫ ነው፤ እሱን ደግሞ በየማለዳው ልሰጠው የሚገባኝ እኔ ነኝ፣ ሉና አይደለችም።

ትናንት ወረቀት ላይ ነጥብ እያደረግሁ በመስመር አገናኘኋቸው። ሦስት ውሾች ሲሆኑ በመካከላቸው ያለው ጥንድ ሦስት ነው። አራት ሲሆኑ ስድስት ይሆናል። አንዲት ውሻ ጨመርኩ ስል ሦስት ግንኙነት ነው የጨመርኩት፤ እያንዳንዱ ደግሞ የራሱ ምግብ፣ የራሱ በር፣ የራሱ ቅናት አለው። ጉምና ሉና ይስማማሉ ብዬ እገምታለሁ፤ ወንድና ሴት ናቸው፣ ሁለቱም የተኮላሹ። ቡቺ ከማንም ጋር ይኖራል፣ ምንም እንኳ ትንሽ ነገር ሲሮጥ ማሳደድ በሃስኪዎች ደም ውስጥ ስላለ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እሱንና ሉናን ለብቻቸው ባልተዋቸው ደስ ቢለኝም። የሚያሳስበኝ በረዶና ሉና ናቸው። በአንድ ቤት ከሚኖሩ ውሾች መካከል ከባዱ ጠብ ብዙ ጊዜ በተመሳሳይ ጾታ መካከል እንደሚነሳ፣ ሁለት ሴቶች ከተጣሉ ደግሞ ማስታረቁ እንደሚያስቸግር የእንስሳት ሐኪማችን ነግራኛለች። ግን ዛሬ ያየሁት ጠብ አልነበረም። ጠብ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ሦስት ጊዜ አብረን ተራምደናል። ሁልጊዜ የማንም ባልሆነ ሜዳ ላይ ነው፤ የማናቸውም ሽታ የሌለበት። በመጀመሪያው ቀን ባለቤቷ ሉናን፣ እኔ በረዶን ይዘን፣ በመካከላችን ሰፊ ርቀት ትተን ጎን ለጎን ሄድን። ፊት ለፊት አላጋጠምናቸውም። ቀስ በቀስ ርቀቱን አጠበብነው። በረዶ አንዴ አይታት ወደ ሣሩ ዞረች። ባለቤቴ ከኋላ ጉምን ይዞ ነበር፤ ጉም ገመዱን እስኪበጥስ ይጎትታል፣ ያፏጫል። ያን ማታ በረዶ ዘግየት ብላ ወደ በሩ መጣች። ደክሟት ነው አልኩ። በሁለተኛው ቀን ተሸታተቱ። ሦስት ሰከንድ፣ ከዚያ ተለያዩ። ጥሩ ነበር። ያን ማታ በሩ ጋ የመጣችው መብራት ካጠፋን በኋላ ነው። የጥፍሯን ድምፅ ሰምቻለሁ።

ዛሬ ሉና ከኋላ መጣችባት። በረዶ ጆሮዋ ደክሟል፤ ስትመጣ አልሰማቻትም። ሉና አገጯን ጀርባዋ ላይ ጫነች። ክፋት አልነበረውም፤ የሁለት ዓመት ውሻ ማን እንደሆንሽ ልወቅ የምትልበት መንገድ ነው። በረዶ ክው አለች። ከዚያ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች፣ ፊቷን አዞረች፣ ምንም የሚበላ ሳይኖር ከንፈሯን ላሰች፣ ቆመች። አላጉረመረመችም። ጥርሷን አላሳየችም። ጭራዋ ዝቅ ብሎ ቀረ። ሉና እስክትሄድ ጠበቀች። «አየሽ፣ ተስማሙ» አለ ባለቤቴ ደስ ብሎት። የሉና ባለቤት ፊቱ ሲበራ አየሁ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ አሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

በረዶ በጉልበቷ ዘመን ቢሆን ታጉረመርም ነበር። ማጉረምረም ንግግር ነው፤ ራቂ፣ ይበቃል ማለት ነው፣ ሌላው ውሻም ይገባዋል። ጉም ቡችላ ሳለ ስንት ጊዜ ድንበሩን ያስተማረችው በዚያ ድምፅ ነው! ዛሬ ዝም ያለችው መከልከል እንደማትችል ስላወቀች ይመስለኛል። እግሯ አይይዝላትም፣ ከጀርባዋ የሚመጣውን አትሰማም። ዝምታዋን እንደ ስምምነት ቆጥሬ ሉናን ባስገባ፣ በረዶ አትጣላም። ትሸሻለች። መጀመሪያ በሩን ትለቃለች፣ ቀጥሎ ሳሎኑን፣ ቀጥሎ ምግቧን ትታ ትነሳለች። እኛ ደግሞ እርጅና ነው እንላለን።

ልጄ ማታ «እማ፣ ሉና የት ልትሄድ ነው ታዲያ?» አለችኝ። አቅፌያት ተቀመጥኩ እንጂ ወዲያው አልመለስኩላትም። ጥያቄዋ ልክ ነው። ባለቤቴ ቤቱን በአጥር ብንከፍለውስ፣ በየተራ ብናወጣቸውስ ብሎ ነበር። ይቻላል፤ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ግን አዲስ ውሻ ቤቱን ለመልመድ ሦስት ቀን፣ ሥርዓቱን ለማወቅ ሦስት ሳምንት፣ ቤቴ ለማለት ሦስት ወር ይፈጅባታል ይባላል፤ ያ ደግሞ ሁሉ ነገር ከተሳካ ነው። የሃስኪ ዕድሜ ከ12 እስከ 14 ዓመት ነው። ከበረዶ ዕድሜ ላይ ወራት ቆርጬ ለመለማመጃ ማዋል አልፈልግም። የቀራትን ጊዜ በር ተዘግቶባት፣ ተራዋን እየጠበቀች እንድትኖር አላደርጋትም። ይህን ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ስለዚህ ወስኛለሁ ማለት ነው።

ነገ ጠዋት እደውልለታለሁ። አይሆንም እለዋለሁ፤ በረዶ እያለች አይሆንም። ግን ሉናን ብቻዋን አልተዋትም። በሳምንት ሦስት ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጉምን ይዤ እየመጣሁ ሁለቱንም አስሮጣቸዋለሁ፤ እዚያው ሜዳ ላይ፣ በረጅም ገመድ። ደክማ ስትውል ማላዘኗም ይቀንስ ይሆናል። ሊወስዳት የሚመጣውን ሰው ደግሞ እኔ ላናግረው እለዋለሁ፤ ስለ አጥሩ ከፍታ፣ ስለ ጸጉሩ፣ ዚንክ ሲያንሳቸው በአፍንጫና በዓይን ዙሪያ ስለሚወጣው ቅርፊት፣ ያለ ገመድ መልቀቅ እንደማይቻል። ቀን ቤት የሚውል ሰው ቢሆን፣ አንድ ወንድ ውሻ ያለው ቢሆን ደስ ይለኛል። እስኪገኝ አብሬው እፈልጋለሁ።

አሁን ተነስቼ አየኋት። አሁንም ልብስ ማጠቢያው ክፍል ናት፤ ወለሉ ይቀዘቅዛል። ከበሩ ሥር ምንጣፏን አንስቼ ወሰድኩላት። ሳነጥፍላት ዓይኗን ከፈተች፣ ጭራዋን አንዴ መሬቱ ላይ መታ አደረገች፣ እየተንገዳገደች ተነስታ ምንጣፉ ላይ ተኛች። ቡቺ ከኋላዬ ተከትሎ መጥቶ ሆዷ ሥር ገብቷል።