የዝዋይ ዓሣ፣ ድሮና ዘንድሮ፦ እንዴት እንዳጠናቀርኩት

የዝዋይ ሐይቅ ዓሣ ምን ያህል እንደተለወጠ ለማወቅ የምርት ቁጥር ማየት የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም። የሚወጣው ኪሎ ያው ሆኖ ዓሣው ሌላ ሊሆን ይችላል። ድሮ ዝዋይ ማለት ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነበር። ዛሬ ሐይቁ ዳር ባለችው ባቱ ከተማ ጀልባ ሲራገፍ ካርፑም አምባዛውም በሽ ነው፤ ሁለቱም ለሐይቁ እንግዳ ናቸው። እንግድነታቸው ግን ይለያያል። ካርፕ ከባሕር ማዶ ነው የመጣው። አምባዛ አገሩ እዚሁ ኢትዮጵያ ነው፤ ጣናም አዋሽም ሞልቷል፤ ዝዋይ ግን አልነበረም። «መጤ» ሲባል የግድ የውጭ አገር ማለት አይደለም።

ታሪኩን ለማግኘት ሽማግሌ አጥማጆችን መጠየቅ ያዝኩ። «ዓሣ ቀንሷል ወይ?» ብትሏቸው ሁሉም «ኧረ ጠፋ!» ነው የሚሉት። ስለ ዕቃቸው ስትጠይቁ ነው ነገሩ የሚመጣው። «አባባ፣ መንጠቆ መደርደር መቼ ጀመሩ?» አምባዛ በብዛት የሚያዘው በረጅም ገመድ ላይ በተደረደረ መንጠቆ ነው። ስለዚህ መንጠቆው የተጀመረበት ጊዜ አምባዛው መቼ እንደበዛ ይጠቁማል። ዓመተ ምሕረትም አትጠይቁ፤ ይገምታሉ። «ከ77ቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ?» «ደርግ ሲወድቅ ካርፕ ነበር?» በሉ።

ቤት ውስጥ ስለሚበላው መጠየቅም ያሳስታል። ቅርፊት የሌለው ዓሣ በሃይማኖት ምክንያት የማይበላ ብዙ ሰው አለ። አምባዛም ቅርፊት ስለሌለው ይሸጠዋል እንጂ አይቀምሰውም። ድስቱን ብቻ ካያችሁ አምባዛ ሐይቁ ውስጥ የለም ትላላችሁ።

ከዚያ በዓይን ማየት ነው። አስቸጋሪው ካርፕን ከሐይቁ ነባር ዓሣ ከባርበስ መለየት ነው። ሁለቱም ከአፋቸው ዳር ሁለት ሁለት ጥንድ ጢም አላቸው፤ ስለዚህ ጢም መቁጠር ዋጋ የለውም። የጀርባውን ክንፍ ዘርጉት። የባርበሱ አጭር ነው። የካርፑ ረጅም ነው፣ እስከ ጭራው ሊደርስ ምንም አይቀረው፤ ከፊቱ ያለው እሾህም በጣት ሲዳሰስ መጋዝ ነው። ይህን ሁሉ ተበልቶ ሳያልቅ አድርጉት፤ ፊሌቶ ከወጣ በኋላ የተረፈው አባ ኮዳና ይብራ ለሚባሉት ወፎች ነው።

ቆሮሶ ሲሳሳ ጥፋቱን ሁሉ ካርፕ ላይ መጫን ያጓጓል። እውነት ነው፣ ካርፕ ምግቡን ፍለጋ ጭቃ ያገላብጣል፣ ውሃ ያደፈርሳል። አንዷ እናት ካርፕ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ ቆሮሶ ግን ጥቂቱን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው። ግን የመረቡ ዐይንስ? አጥማጆቹን መረብ አስዘርግቼ ዐይኑን በጣቶቼ ስለካ፣ ያልወለደ ቆሮሶ የሚያልፍበት ቀዳዳ እንኳ የሌለው አለ። በዚያ ላይ ለመስኖ በፓምፕ የሚሳበው ውሃ አለ፣ እንቦጩ አለ። እነዚህን ከካርፑ ለይቶ ማየት አንድ አጥማጅ በማናገር የሚሆን አይደለም፤ የተለያየ ዳርቻ ላይ የሚያጠምዱትን እያነጻጸርኩ ነው ያለሁት።