የሩዝ አበባን በእጅ ማዳቀል፦ ከፎገራ ማሳ እስከ ባሕር ዳር የጥላ ቤት

በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በተንጣለለው የፎገራ ሜዳ የሩዝ እርሻ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በሻጋና በጅግና በነበሩት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማሳ ላይ ነው። የጅግናን ስም የያዘው ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ከዚያ ወዲህ ብዙ አዳዲስ ዝርያዎች ቢለቀቁም ከአርሶ አደሩ እጅ አልወጣም፤ ብርዱን ይችላል፣ ፍሬው ነጭ ነው፣ ገለባውም ረጅም ነው። ሆኖም ዘግየት ብሎ የሚደርስ በመሆኑ፣ ዝናቡ በመስከረም ቶሎ የወጣ እንደሆነ በሜዳው ጠርዝ ከፍ ብሎ በሚገኘው ማሳ ላይ ፍሬ ሳይሞላ ይደርቃል። እኔም ይህንኑ ዝርያ በእናትነት ይዤ ቶሎ ከሚደርሱ ዝርያዎች ጋር በባሕር ዳር የጥላ ቤት ውስጥ በእጅ ማዳቀል ጀመርሁ። ሥራውን እንዴት እንዳካሄድሁትና ምን እንደተማርሁበት ከዚህ በታች እገልጻለሁ። ብዙዎች የማዳቀል ትልቁ ጥበብ ወረንጦ መያዝ ነው ብለው ያስባሉ፤ ከሥራው ሁሉ ከባዱና ረጅም ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን ወላጆቹን መምረጥ እንደሆነ እኔ በጽኑ አምናለሁ።

የምርጫው ጥያቄ መልሱን የሚያገኘው በቤተ ሙከራ አይደለም። ስለ ሩዝ ውርስ የሚታወቀው ብዙ ነው፤ 12 ጥንድ ክሮሞዞሞች አሉት፣ ሙሉ የዘረመል ቅደም ተከተሉም እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ1966 በፊሊፒንስ የተለቀቀው አይአር 8 የተባለው አጭር ዝርያ ማዳበሪያ ሲበዛበት የማይወድቅ በመሆኑ የእስያን ምርት ስለለወጠው፣ የመማሪያ መጻሕፍት ለአዳቃይ የሚሰጡት የመጀመሪያ ምክር ቁመትን ማሳጠር ነው። ይህን ምክር በወረታ ዙሪያ ላሉ አርሶ አደሮች ሳቀርብ አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ ፍሬውን እኛ እንበላዋለን፤ በሬው ምን ይብላ?» አሉኝ። ነገሩን ሲያብራሩልኝ፣ ድሮ ከብት ይሰማራበት የነበረው ረግረግ ዛሬ በሩዝ ስለተያዘ በበጋ የከብቱ ዋና መኖ የሩዝ ገለባ ሆኗል። ስለዚህ ቁመቱ ያጠረ ዝርያ በኩንታል የሚያስገኘውን ትርፍ በገለባ መልሶ ሊወስደው ይችላል። ከዚያ በኋላ በዕቅዴ ላይ ከነበሩት ባሕርያት መካከል ቁመት ማሳጠርን አውጥቼ በምትኩ ቶሎ መድረስን አስቀደምሁ።

ሴቶቹ የሚመዝኑት ደግሞ በሌላ ሚዛን ነው። እነሱ የሚጠይቁት የሩዙ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሲጋገር ዓይን ያወጣል ወይ፣ በማግሥቱስ ይደርቃል ወይ፣ ሲፈተግ ምን ያህሉ ይሰበራል የሚለውን ነው። ቀይ ፍሬ ከነጩ ጋር የተደባለቀ እንደሆነ ነጋዴው ዋጋ እንደሚቀንስባቸውም ነገሩኝ። ቶሎ መድረስ ራሱ ገደብ እንዳለው ያስተማሩኝም እነሱ ናቸው፤ አንድ ማሳ ብቻውን ከጎረቤቶቹ ቀድሞ ካሸተ የአካባቢው ወፍ ሁሉ እዚያው ላይ ይሰፍራል፣ የጉማራና የርብ ውኃ በሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታ ደግሞ ውኃው ሳይሸሽ የደረሰ ሩዝ ለአጨዳ አይመችም። ስለዚህ የምፈልገው ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ ዝርያ መሆኑ ቀርቶ፣ ለጠርዙ ማሳ የሚስማማ፣ ከኤክስ ጅግና ጥቂት ሳምንታት የሚቀድም ብቻ ሆነ። ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በኋላ ግን ከሺህ ተክሎች መካከል የትኛው እንደሚቀርና የትኛው እንደሚጣል የወሰነው እሱ ነው።

ከአባት ወገን ከመረጥኋቸው አንዱ ኔሪካ 4 ነው። የኔሪካ ዝርያዎች የእስያውና የአፍሪካው ሩዝ ተዳቅለው የተገኙ ናቸው፤ ታሪካቸው ለአዳቃይ ትልቅ ትምህርት ስላለው በአጭሩ ላንሳው። የእስያውና የአፍሪካው ሩዝ የአንድ ሰብል ዝርያዎች ብቻ ሳይሆኑ በተፈጥሮ የተለያዩ ሁለት የዕፅዋት ዓይነቶች (ስፒሽስ) በመሆናቸው ዲቃላቸው አብዛኛውን ጊዜ መካን ይሆናል። የሴራሊዮኑ ሳይንቲስት ሞንቲ ጆንስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በምዕራብ አፍሪካ ፅንሱን ከፍሬው ውስጥ አውጥተው በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ በማሳደግና ዲቃላውን ደጋግመው ከእስያው ወላጅ ጋር መልሰው በማዳቀል ይህን ችግር ተሻገሩት፤ ለዚህም ሥራ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ2004 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተጋርተዋል። የእኔ ሥራ ያን ያህል የረቀቀ አይደለም፤ እነሱ ያለፉት ድንበር ውጤት ግን ዛሬ በባሕር ዳር በማሰሮ ውስጥ የሚበቅል አባት ሆኖ አገልግሎኛል።

ወላጆቹ ከተመረጡ በኋላ የመጀመሪያው ጉዳይ የአበባቸውን ቀን ማገናኘት ነው። ቶሎ የሚያብበውን አባት ከእናቱ ጋር በአንድ ቀን መዝራት ዋጋ የለውም፤ እናቲቱ ስታብብ የእሱ አበባ አልፎ ይገኛል። ስለዚህ እናቱን አስቀድሜ ዘርቼ አባቱን በሳምንት ገደማ ልዩነት በተለያየ ጊዜ እየከፋፈልሁ ዘራሁት። ማሰሮዎቹን በጥቁር መረሬ አፈር ሞልቼ ውኃ በተኛበት ገንዳ ውስጥ አስቀመጥኋቸው። ይህን በማድረጌ እናቲቱ ባበበች ቀን ሁሉ ከአባት ወገን ቢያንስ አንዱ ማሰሮ አበባው የደረሰ ሆኖ ይገኝ ነበር።

የሩዝ አበባ የወንዴውንም የሴቴውንም ክፍል በአንድ ቅርፊት ውስጥ ይይዛል። ሁለቱ የቅርፊቱ ገጾች ሲከፈቱ ስድስት የብናኝ ከረጢቶች በቀጭን ክር ተንጠልጥለው ይወጣሉ፤ ብናኙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ልክ በዚያው ቅጽበት በራሱ አበባ ላይ ይራገፋል። አዳቃይ ከዚያ ቅጽበት መቅደም አለበት። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ፀሐዩ ሲበርድ፣ ዛላዋ ከቅጠሉ ሰገባ ከግማሽ በላይ የወጣችውን እናት መርጬ ከፊቴ አስቀምጣታለሁ። የሩዝ ዛላ ማበብ የሚጀምረው ከጫፉ ስለሆነ በጫፉ ላይ ያሉት አበቦች በዚያ ቀን የተከፈቱ ናቸው፤ እነሱን ቆርጬ አስወግዳለሁ። ከግርጌ ያሉት ገና ለጋ ናቸው፤ እነሱም ይወገዳሉ። የመካከሎቹን በብርሃን አንጻር ሳያቸው ከረጢቶቹ የቅርፊቱን ግማሽ ከፍታ የደረሱት በማግሥቱ የሚከፈቱት ናቸው፤ የምፈልገውም እነሱን ነው። የእያንዳንዱን ቅርፊት የላይኛውን ሲሶ በትንሽ መቀስ ቆርጬ፣ በተከፈተው አፍ ጫፉ የሾለ ወረንጦ አስገብቼ ስድስቱን ከረጢቶች አንድ በአንድ አወጣለሁ። አምስት አውጥቶ ስድስተኛውን መተው ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ከታች ያለው ላባ መሰል ብናኝ ተቀባይ በወረንጦው ከተነካ አበባው ፍሬ አይዝም፤ ስለዚህ የወረንጦው ጫፍ ሁልጊዜ የቅርፊቱን ግድግዳ ተጠግቶ መውረድ አለበት። አንድ ከረጢት በመካከል ከፈነዳ አበባውን ያለ ማመንታት መጣል ይገባል። ሲያበቃ ዛላዋን በስስ የወረቀት ከረጢት ሸፍኜ አፉን አስራለሁ።

በማግሥቱ የአባቱ አበቦች የሚከፈቱት ረፋዱ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ደመና ያለበት ወይም ቀዝቃዛ ጠዋት ሲሆን ይዘገያል። ብናኙ ከከረጢቱ ከወጣ በኋላ በሕይወት የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ አባቱን ከሌላ ክፍል ሄዶ ማምጣት አይቻልም፤ ማሰሮዎቹ ጎን ለጎን መቆም አለባቸው። የእናቲቱን የወረቀት ከረጢት ከላይ ከፍቼ፣ አበባው እየተከፈተ ያለውን የአባቱን ዛላ በላይዋ ገልብጬ በጣቴ ቀስ ብዬ መታ መታ አደርገዋለሁ። ቢጫው ብናኝ ሲወርድ በዓይን ይታያል። ወዲያው ከረጢቱ ይዘጋል። በባሕር ዳር ቀኑ ሲገፋ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ስለሚበረታ የጥላ ቤቱን የሐይቅ ወገን በሸራ መጋረድ ጠቅሞኛል፤ ይህ የቦታው ጠባይ ነውና ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ላይ አይገኝም።

የስም ምልክት በእርሳስ ይጻፍ። ቀለም በክረምት እርጥበት ይታጠባል፣ በፀሐይም ይደበዝዛል፤ የእናቱ ስም፣ የአባቱ ስምና ቀኑ ያልተነበበበት ዲቃላ ደግሞ ምንም ያህል ጥሩ ፍሬ ቢይዝ ለምርምር አይሆንም። ማዳቀሉ የተሳካ እንደሆነ በሳምንት ገደማ አረንጓዴው ፍሬ በተቆረጠው ቅርፊት አፍ ብቅ ብሎ ይታያል፤ በወር ገደማም ይደርሳል። ፍሬው እርቃኑን ስለሚያድግ ለሻጋታ የተጋለጠ ነው፤ በቀጭኑ በውኃ በተበጠበጠ በረኪና አጥቤ በእርጥብ ወረቀት ላይ አበቅለዋለሁ እንጂ በቀጥታ አፈር ውስጥ አልዘራውም።

ከዚህ በኋላ የበቀለው ተክል በእርግጥ ዲቃላ ነው ወይስ በተረሳ ከረጢት ብናኝ የተፈጠረ የእናቱ ልጅ ብቻ ነው የሚለው መረጋገጥ አለበት። ከለጋ ቅጠሉ ዲኤንኤ አውጥቼ ሁለቱ ወላጆች በሚለያዩበት ቦታ አባዝቼ በጄል (በኤሌክትሪክ ኃይል ዲኤንኤን በመጠኑ በሚለይ ዝልግልግ ንጣፍ) ላይ አሮጥሁት። እናቱ አንድ መስመር፣ አባቱ ሌላ መስመር ሲያሳይ እውነተኛው ዲቃላ ሁለቱንም ያሳያል። መብራት በመሀል ቢጠፋ ጄሉ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ከእያንዳንዱ ተክል ቅጠል ቆርጬ እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል ውስጥ አድርቄ ማስቀመጥን ልማድ አድርጌዋለሁ፤ እንዲህ የደረቀ ቅጠል በተፈለገ ጊዜ ሁሉ ሥራውን እንደገና ለመጀመር ያስችላል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ተማሪ ሁሉ ይህን ቢያደርግ እመክራለሁ።

የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ የሚፈታው በሁለተኛው ነው። ከዚያ ወዲያ በየትውልዱ የተደባለቀው የዘር ድርሻ በግማሽ እየቀነሰ ይሄድና በስድስተኛው ትውልድ ወደ 3 በመቶ ይወርዳል። ሁለተኛውን ትውልድ የዘራሁት በጥላ ቤት ሳይሆን በፎገራ ማሳ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የማይቀረው ፈተና እዚያ ነው ያለው። የሩዝ ብናኝ የሚፈጠረው ዛላው ገና በሰገባው ውስጥ ሳለ፣ ከመውጣቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ገደማ በፊት ሲሆን፣ በዚያ ሰሞን የሌሊቱ ሙቀት በተከታታይ ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከወረደ ብናኙ ይመክናል፤ ዛላው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቅርፊቱ ግን ባዶ ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ በጥቅምት ሌሊቶች ይህ አደጋ ሩቅ አይደለም። ዝናቡ የሚገባበትና የሚወጣበት ጊዜ በተዛባ ቁጥር አርሶ አደሩ ዘግይቶ ይዘራል፤ የዘገየው ሩዝ ደግሞ በብርዱ መካከል ያብባል። የድርቁና የብርዱ ችግር አንድ ላይ የሚገናኙት በዚህ ምክንያት ነው። እኔም የሙቀት መመዝገቢያውን በሰብሉ ቁመት ልክ ሰቅዬ ከእያንዳንዱ ተክል የአበባ ቀን ጋር አገናዘብሁት፤ ያንን ሳላደርግ ብመርጥ ኖሮ በሞቃት ሳምንት በማበቡ ብቻ የዳነውን ተክል ብርድን እንደሚችል አድርጌ እወስደው ነበር።

የማዳቀሉን ሥራ ለተማሪዎች ማሳየት ሌላ ችግር ነው። አበባው የሚከፈተው ለአንድ ሰዓት ያህል ሲሆን በአንድ ማሰሮ ዙሪያ ሊቆም የሚችለው ሰው ጥቂት ነው። በስልክ ካሜራ ላይ የሚለጠፍ ማጉያ መነጽር አድርጌ ወረንጦው ወደ ቅርፊቱ ሲገባ በዝግታ ቀርጬ፣ በአማርኛ እያብራራሁ አጫጭር ቪዲዮ አዘጋጀሁ። ተማሪዎቹ ቪዲዮውን ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ ተቀባብለው ደጋግመው ካዩ በኋላ ወደ ማሰሮው ሲመጡ እጃቸው የተረጋጋ ነበር። ቪዲዮ ግን እጅን አይተካም፤ ከረጢቱ ሳይፈነዳ የሚወጣበትን የእጅ ልክ የሚያስተምረው አበባው ራሱ ነው።

አሁን በማሳው ላይ ያሉት መስመሮች (ከዲቃላው በየትውልዱ እየተመረጡ የመጡት ዘሮች) ከእናታቸው ቀድመው የሚደርሱ፣ ገለባቸውም ያላጠረ ናቸው፤ ቀይ ፍሬ ያሳዩት በሙሉ ወጥተዋል። ወንዶቹ አርሶ አደሮች ማሳው ውስጥ እየተዘዋወሩ መርጠዋል፤ ሴቶቹ ግን ዱቄቱን ሳያዩ አንመርጥም ብለዋል፣ ልክም ናቸው። ለእንጀራ ሙከራ ከእያንዳንዱ መስመር በቂ ዱቄት ስለሚያስፈልግ በሚመጣው ክረምት የተመረጡትን ሰፋ ባለ መደብ አባዛለሁ፤ ዱቄቱም ለጋጋሪዎቹ የሚሰጠው በቁጥር ብቻ ተለይቶ፣ ኤክስ ጅግናም ሳይነገራቸው በመካከሉ ገብቶ ይሆናል።